ኮከቡን የሚሸፍን አውራ ጣት

የወደቡ ምግብ ቤት በር ላይ የሚቆመው ሰውዬ ስሙን ለማንም አልተናገረም። በዚህ በጋ ከመርከብ ወረደ፣ ነጭ ሸሚዝ ለበሰ፣ ጎብኚ መጥራት ጀመረ። በእኛ አገር ሕግ ትኩስ ያልሆነ፣ ከማቀዝቀዣ የወጣ ዓሣ የምግብ ዝርዝሩ ላይ የኮከብ ምልክት ይደረግበታል። እሱ ዝርዝሩን ለእንግዳ ሲዘረጋ አውራ ጣቱ ሁልጊዜ ኮከቡ ላይ ነው።

«ግቡ፣ ግቡ፤ ዓሣው የዛሬ ነው፣ የምታበስለውም እናቴ ናት» ይላል በስድስት ቋንቋ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ያሉት ግን ሁለት ጺማም ወንዶች ናቸው።

ባሌ ስታማቲስ ጎህ ሲቀድ የሚያጠምደው ዓሣ ደግሞ ከኋላ ባለችው ትንሽ ምግብ ቤታችን በላተኛ ያጣል። እስከ መስከረም እንዲህ ከቀጠለ ጀልባዋን መሸጣችን ነው።

ትናንት ቀትር ላይ አለቃው ሲተኛ ሰውዬው እኛ ጋ ሊበላ መጣ።

«እናትህ ምነው ዛሬ ሳታበስል ዋለች?» አልኩት።

«እናቴ እንቁላል እንኳ መጥበስ አትችልም ነበር፣ እመቤት» አለ ቀና ሳይል። «የእናንተስ ዓሣ የዛሬ ነው?»

ዝርዝሩን ሰጠሁት። አውራ ጣቱ እንደ ልማዱ የዓሣው ስም አጠገብ አረፈ፤ ቀስ ብሎ አነሳው። ከሥሩ ኮከብ የለም። አፍሮ እንደሆነ ብዬ ፊቱን አየሁት።

ዓሣውን አዘዘና ሎሚ እንድጨምርለት ጠየቀኝ።