በጓጉንቸር የተቆለፈው ቀይ ማቆሚያ

ማሽን ሰው ጎዳ በተባለ ቁጥር «እኛ አገር ማሽን ያለ መከላከያው ነው የሚገባው» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ወጣት ሳለሁ አራሚ ሆኜ በሠራሁበት የካዛንቺስ ማተሚያ ቤት የነበረው የወረቀት ማጠፊያ ማሽን መከላከያው የተሟላ ነበር። በቢጫ ሰሌዳ ላይ ጎበጥ ያለ፣ በመዳፍ የሚመታ ቀይ ማቆሚያ ነበረው። ሲመቱት ወረቀቱን ስበው የሚያጥፉት ተሽከርካሪ ሮለሮች ባሉበት ቀጥ ይላሉ።

ችግሩ በደንብ መሥራቱ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ያለፈ ያገደመ ሁሉ በክርኑ ይነካዋል፤ ማሽኑ ይቆማል፤ ውስጥ የገባው ወረቀት ተጨማዶ ይወጣል። ሥራ አስኪያጃችን ሳምንት አልታገሡም። ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር ካለ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ሣጥን አሠርተው በማቆሚያው ላይ አስገጠሙ፤ ጓጉንቸር አንጠለጠሉበት፤ ቁልፉን ለግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ሰጡ። ማናችንንም አልገረመንም። የቢሮው ስልክ መደወያ ጓጉንቸር ነበረው፤ የሻይ ክበቡ ስኳርም እንደዚያው።

የማሽኑን መመሪያ ከእንግሊዝኛ የመለስኩት እኔ ነበርኩ። ማቆሚያው እጅ የሚደርስበት ይሁን፣ ምንም አይጋርደው፣ አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው ሳያስፈቅድ ይምታው ይላል። ሥራ አስኪያጁ እዚህ ሲደርሱ እስክሪብቷቸውን አቆሙ።

«ማንኛውም ሰው ማለት ዘበኛውም ነው?»

«አዎ፣ ዘበኛውም።»

«በቃ ድርጅቱን ለእሱ እናስረክበዋ።»

ሰረዙትና በቦታው «በኃላፊ ፈቃድ ብቻ» ብዬ እንድጽፍ አዘዙኝ። ጻፍኩ። የተከራከርኩት ፊደሉ ጎላ ይበል ብዬ ብቻ ነው፤ በዚያ ረታሁ።

ማጠፊያው ላይ የምትሠራው እኩያዬ የሆነች የቂርቆስ ሴት ነበረች። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ዕለት ቆማ አነበበችው።

«ምሁሩ፣ እጄ ቢገባ ማንን ነው የማስፈቅደው?»

«ማመልከቻ እጽፍልሻለሁ።»

ሳቀች። እኔም በቀልዴ ኮራሁ።

ነሐሴ ላይ የዘመን መለወጫው የቀን መቁጠሪያ ሥራ ተደራረበ። ዝናብ ነበር፤ ለብርዱ የደረበችው ሹራብ እጅጌው በሮለሮቹ ተያዘና ቀኝ እጇን ይዞ ገባ። እኔ የታረመ ወረቀት ይዤ ከሣጥኑ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርኩ። ሣጥኑን ያዝኩና ጎተትኩ። ቆርቆሮ ሠሪው ለሥራው አልሰነፈም ነበር፤ ንቅንቅ አላለም። ወደ ግምጃ ቤቱ ሮጥኩ።

«ቁልፉን! የማጠፊያውን!»

«ማን ፈርሞልህ?» አለኝ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ። ክፉ ሰው አልነበረም። መዶሻ የጠየቀውንም፣ አምፖል የጠየቀውንም እንዲሁ ነበር የሚለው። ጩኸቱን ሲሰማ ቁልፉን ወረወረልኝ። ስመለስ የድርጅቱ ኤሌክትሪሻን የሕንጻውን መብራት ከዋናው አጥፍቶት ነበር። ከቀኝ እጇ ሐኪሞቹ ያተረፉላት አውራ ጣቷን ብቻ ነው።

ስለ አደጋው ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። የሚጽፍ ሲፈለግ ጽሕፈቴ ያምራልና እኔ ተጠራሁ። ስለ ሣጥኑ አንድ መስመር አስገብቼ ነበር፤ አውጣው ተባልኩ፤ አወጣሁት። «በሠራተኛዋ የጥንቃቄ ጉድለት» የሚለው ግን ሳይነካ ቀረ። ይህ ሐረግ ከሥራ እንደሚያስወጣት ሁላችንም እናውቃለን። እሷም ታውቃለች፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ካልፈረመች ደግሞ የሥራ ልምድ ደብዳቤ እንደማታገኝ ተነግሯታል። በዚያ እጅ ማን እንደሚቀጥራት የጠየቀ ግን አልነበረም።

ቁስሏ ከደረቀ በኋላ መጣች። ወረቀቱን በግራ እጇ ይዛ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ጽሕፈቱ የማን ነው?» አለች።

«የእኔ።»

«ያምራል። ማመልከቻ እጽፍልሻለሁ ብለኸኝ ነበር፤ ይኸው ጻፍክልኝ።»

እስክሪብቶ ዘረጋሁላት። በግራ እጇ መፈረም አልለመደችም።

«ጣትም ይበቃል» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ቀና ሳይሉ። «የቀኝ አውራ ጣት።»

ከተናገሩ በኋላ ነው ያሰቡት መሰለኝ፤ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እሷ ቀኝ እጇን የጠቀለለችበትን ሻርፕ ፈታችና አየችኝ።

«ለዚህ ለዚህማ ማሽኗ ትታልኛለች» አለች።

የአሻራ ቀለሙን ሣጥን ከፍቼ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ጣቷ ገና ያማት ስለነበር አንጓዋን ይዤ ወረቀቱ ላይ ያሳረፍኩትም እኔው ነኝ። ምልክቱ እንዳይደበዝዝ ትንሽ ጫን አደረግሁት።