የቅበላ ዕለት ሾርባ

አሰላ በመምህርነት በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ቅርጫ ገባሁ። ሌሎቹ ባለትዳርና የልጆች አባት ናቸው፤ እኔ ያለኝ አንድ የኪራይ ክፍልና አንዲት ትንሽ ድስት ነበር። ቢሆንም ከማን አንሼ ብዬ ሙሉ መደብ ወሰድኩ። ሳምንቱን ሙሉ ጥብስ በላሁ፣ ቅቅል በላሁ፤ በመጨረሻ ማኘኩ ራሱ ሰለቸኝ። የአሰላ ብርድ ደግሞ ከፍሪጅ አያንስምና ሥጋው አልበላሽ አለ። የቅበላ እሑድ ስነቃ ገና ብዙ ቅቅልና አጥንት ቀርቶኛል። በማግሥቱ ዐቢይ ጾም ይገባል።

ሥጋ መድፋት ነውር ነው። ስለዚህ ሁሉንም ከባቄላ ጋር ቀቅዬ ሾርባ በማድረግ በአንድ ቀን ልገላገለው አሰብኩ። ለጾሙ ያስቀመጥኩትን ባቄላ አንድም ሳላስቀር ነክሬ፣ ልጬ ጨመርኩት። ይህን ያህል ብልህ ነበርኩ።

ድስቴ አልበቃ አለች። አከራዬ ትልቅ ድስት አላቸው፤ ግን ሙስሊም ናቸውና የእኔ ሥጋ አይገባበትም። ጎረቤቴ ከሆነችው ነርስ ተዋስኩ። እኩለ ቀን ላይ ሾርባው ለሠርግ የሚበቃ ሆነ። ሦስት ሳህን በላሁና ለነርሷ በጎድጓዳ ሳህን ወሰድኩላት።

«እሰይ! ቆይ እንጂ፣ ባዶ ሳህን ይዘህ ልትመለስ ነው?» አለችና የተረፋትን ጥብስ ሞልታ ሰጠችኝ።

ለሒሳብ መምህሩ ቤትም ወሰድኩ። ሚስቱ ሾርባውን ገልብጣ በምትኩ ምንቸት አብሽ ሞላችበት። «ደግ አደረግክ፣ ማን ይጨርስልናል ብዬ ስጨነቅ ነበር» አለችኝ። የመጣውን ሁሉ ድስቱ ውስጥ ጨመርኩት።

አከራዬ በራቸው ላይ ተቀምጠው መመላለሴን ያዩ ነበር።

«መምህር፣ ሥጋህ ይወልዳል እንዴ?»

«ለእርስዎ እንዳልሰጥዎ አይበሉልኝም፣ እማማ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ሳቁ።

እስኪመሽ ስበላ ዋልኩ። በጣም ሲያቅተኝ የቀረውን ለግቢው ውሻ ሰጠሁት፤ አሽትቶ ተኛ። እሱም ቅበላ ላይ ነበር።

ሰኞ ሆዴን ይዤ ተኛሁ። ከሰዓት በኋላ ሲሻለኝ ራበኝ፤ ቤት ውስጥ ግን ፍሬ እህል የለም። አከራዬ በሩን አንኳኩተው ትኩስ የባቄላ ሾርባ ይዘው ገቡ።

«ኛዱ፣ ብላ እንጂ!» አሉኝ በኦሮምኛም በአማርኛም። «ነርሷን ጠይቄያታለሁ፤ ቅቤ አላስነካሁትም።»

ቀመስኩት። ሥጋ የለው፣ አጥንት የለው፤ ከእኔው ግን በብዙ ይበልጣል።

«ምን ጨመሩበት?»

«ጨውና ዘይት። ምን ይጨመራል?»

ጾሙ እስኪፈታ ሰኞ ሰኞ አብረን እንድንሠራ ተስማማን። እሳቸው ያበስላሉ፣ እኔ ባቄላ እልጣለሁ። በዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ልጬ ሳቀርብላቸው አገላብጠው ያዩና «ይሄ መላጥ ነው ወይስ መጨፍለቅ?» ይሉኛል፤ ከዚያ እንደገና ከፊቴ ያስቀምጡታል።