ማን ነው የያዛት?

አንኮበር ያደገ ሰው በር ላይ ብዙ ጊዜ ያጠፋል። «ይለፉ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በሞቴ!» ሲባባሉ ሁለት ሰዎች ደጃፍ ላይ ቆመው ዝናብ ይመታቸዋል። እኔ ደግሞ የቄስ ልጅ ነኝ። ታላቅ ሲናገር ዝም ማለት፣ ታላቅ የያዘውን አለመንካት ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነገር ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልኩ አድጌአለሁ። ይህ ጨዋነት ሰው ሊገድል እንደሚችል ግን ማንም አልነገረኝም።

በረራ ያስተማሩኝ ሰው ጸጉራቸው የሸበተ፣ የአባቴ እኩያ የሚሆኑ ነበሩ፤ ካፒቴን እላቸው ነበር። የምንማርባት ትንሽ አውሮፕላን ሁለት መሪ አላት፣ አንዱ በእሳቸው ፊት፣ አንዱ በእኔ። መሪውን የሚያስረክበው «ያንቺ ነው» ይላል፤ የሚረከበው «የእኔ ነው» ይላል፤ አስረካቢው እንደገና «ያንቺ ነው» ብሎ ያጸናል። ይህ ሳይባል እጅ ከመሪ አይነሣም። እኔ ግን እንደ ሥላሴ ሦስት ጊዜ ነው እንግዲህ እያልኩ በሆዴ እስቅ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት በደብረ ብርሃን ላይ አልፈን ወደ ምሥራቅ ስንሄድ መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከታች የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ የባሕር ዛፍ አጥር። ሜዳው ሲሄድ ሲሄድ ይቆይና ድንገት ያልቃል። በአውቶቡስ ስንት ጊዜ የተመላለስኩበት አገር እንዲህ ያለ ጠርዝ እንዳለው አላውቅም ነበር። ገደሉ ሥር ሸንተረሩ ተደራርቦ ይወርድና፣ ከዚያ ወዲያ ቆላው ማብቂያ በሌለው ጭጋግ ውስጥ ይሰጥማል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እግዜር ያን ጠዋት ሠርቶ የጨረሰው መሰለኝ።

ካፒቴን ፊቴን አይተው ፈገግ አሉ። «በይ እስቲ፣ አገርሽን አሳዪኝ» አሉኝ።

እኔ የገባኝ «እኔ ልያዝልሽ፣ አንቺ በእጅሽ እያመለከትሽ አሳዪኝ» እንዳሉኝ ነው። መሪውን ለቀቅሁ። ያ የአንኮበር ገበያ፣ ያ የተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ያች ክቧ ደግሞ አባቴ የሚቀድሱባት ቤተ ክርስቲያን እያልኩ ጠቆምኩ። እሳቸውም በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው «ወይ ግሩም!» ይላሉ።

የቆርቆሮው ጣሪያ እየተለቀ መጣ። የጉልላቱ መስቀል ታየኝ። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ታዩኝ፤ አንዳንዱ ስልኩን አንሥቶ ይቀርጸናል። ካፒቴን ለእኔ ብለው ዝቅ አደረጓት ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የከፍታ መለኪያው ግን መውረዱን አላቆመም፤ ያለፍነው ገደል ከኋላችን ከእኛ በላይ ቆሟል። ነፋስ ከሜዳው መጥቶ ጠርዙ ላይ ሲደርስ እንደ ውሃ ቁልቁል እንደሚፈስ፣ ትንሽ አውሮፕላንም ይዞ እንደሚወርድ ተምሬአለሁ። እያወቅሁ ዝም አልኩ። እሳቸው ያውቃሉ፣ እኔ ማን ነኝ አልኩ። ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ፤ ሞቴን እያየሁ «ደፋር» እንዳልባል ፈራሁ!

ከዚያ አንድ ነገር መጣብኝ። እዚህ ብንወድቅ ቀድመው ሮጠው የሚደርሱት አባቴ ናቸው።

«ካፒቴን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... እርስዎ ነዎት የያዟት?»

ዞር ብዬ ሳይ ሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው።

«እንዴ! አንቺ አይደለሽም?»

«የእኔ ነው!» ብለው ጮኹና ሞተሩን እስከ መጨረሻው ሰጧት። እኔ ሰውነቴ ሁሉ ወደ ደብረ ብርሃን ሜዳ እንመለስ ይላል። እሳቸው ግን ለገደሉ ጀርባ ሰጥተው፣ መሬቱ ወደሚርቅበት ወደ ቆላው አዞሯት። ቁልቁል የሚገፋን ነፋስ ተወን፤ ቀስ እያልን፣ እየዞርን ወጣን።

«አባቷን ናፍቃ ነው ዝቅ ያለችው፣ ልተዋት ብዬ ዝም አልኩ» አሉኝ። ሁለት ጨዋ ሰዎች በር ላይ እየተጋበዝን ልንሞት ነበር ለካ። እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ግን አውሮፕላኗ ናት። እኛ አገር ስናደንቅ ማንም ሳይነካት ክንፏን ዘርግታ፣ ጸጥ ብላ ትሄድ ነበር። ለአባቴ ስነግራቸው «ማንም አልያዛትም አትበዪ» አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም፤ ያ ቀን ለእኔም ከማውቀው በላይ ነው።

ስንመለስ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ መሪውን በወጉ አስረከቡኝ፤ ሦስቱንም አልን። ለማረፍ ዝቅ ስል መሪው በእጄ ውስጥ ከበደኝ። ካፒቴን ምንም ሳይሉ መልሰው ይዘውታል። ፈርተዋል፤ አልፈርድባቸውም። ግን መሬት አጠገብ ሁለት ሰው የሚጎትታት አውሮፕላን ለማንም አትታዘዝም።

«ይልቀቁ» ማለት ነበረብኝ።

«ልቀቅ!» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ፤ ሁለቱንም እጃቸውን አነሡ። አሳረፍኳት።