ደልጊ ላይ የለካሁት ጥላ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ሕይወትና ባሏ ጎንደር ቤቴ መጥተው ሦስት ቀን ሙሉ ስለ አንዲት ጠዋት ሲመክሩ ሰነበቱ። የአራት ዓመት ልጃቸውን ይዘው በጣና ላይ በጀልባ ሊዞሩ ነው። ጀልባው አንድ ዳርቻ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ይቆማል። ሌላው መንገደኛ አስጎብኚ ተከትሎ ይሄዳል፤ እነሱ ግን ለብቻችን ወርደን፣ ለብቻችን ዞረን እንመለሳለን ብለዋል። ልጁ በሰው ልክ አይሄድም አሉ። ይኸ እውነት ነው። ልጅ በራሱ ልክ ነው የሚሄድ፤ ያውም ወደፈለገበት።

ሕይወት ወረቀት ይዛ ትጽፋለች፣ ባሏ ስልኩን ይነካካል። ስንት ደቂቃ ለመንገድ፣ ስንት ደቂቃ ለምሳ፣ ስንት ደቂቃ ልጁ ጠጠር ለሚለቅምበት። እኔ ጥግ ይዤ ሽሮዬን እበላለሁ።

"አባባ፣ ምነው ዝም አልህ?" አለችኝ።

"እየበላሁ ነው" አልኳት።

ዝም ያልኩት ግን ስለምበላ አልነበረም። በዚያው ሐይቅ፣ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ይዤ፣ ለብቻዬ ወርጄ የሆንኩት ትዝ ብሎኝ ነው። ልጅቱ የሕይወት እናት ነበረች።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የምንኖረው ወገራ፣ ከዳባት ወጣ ብሎ ነበር። ሚስቴ እንጉዳይ ሁለተኛ ልጃችንን ለመውለድ ባሕር ዳር እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ወንድ ልጅ ተገላገለች የሚል መልእክት መጣልኝ። ወንድ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ ነው፤ አርባው ደግሞ እሁድ ይውላል። የመጀመሪያ ልጃችን አትጠገብ ከእኔ ጋር ቀርታለች፤ እሷን ይዤ ለክርስትናው መድረስ አለብኝ። መልእክተኛው የአማቴን ቃል ጨምሮ ነገረኝ። "በአውቶቡስ ይምጣ ብለዋል። በሐይቁ እንዳይመጣ፣ ሰውየው ግትር ነው፣ ልጅቱን አንድ ቦታ ይጥልብናል ብለዋል።"

በአውቶቡስ ልሄድ አስቤ ነበር። ይኸን ስሰማ ተውኩት።

ደግሞ ምክንያት አላጣሁም። አትጠገብን መኪና ያስመልሳታል። ከዳባት ጎንደር እስክንደርስ የራሷን ቀሚስ፣ የእኔን ጋቢና አጠገባችን የተቀመጡ የአንድ ቄስ ጃንጥላ አዳርሳለች። ቄሱ ደግ ሰው ነበሩ፤ "ልጅ ነች" ብለው አለፉት፤ ግን አዘዞ ድረስ ጃንጥላውን ከመስኮት ውጭ ይዘው ነው የሄዱት።

ረቡዕ ማታ ጎርጎራ ገባን። መርከቡ ዓርብ ማለዳ ተነስቶ ደልጊ ላይ ጭነት ያራግፋል፣ ቁንዝላ ያድራል፣ ቅዳሜ ባሕር ዳር ይገባል። በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። እሱ ካመለጠ ልጄ አባቱና እህቱ በሌሉበት ክርስትና ይነሳል፤ አማቴም "ብዬ ነበር" ይላሉ። እውነቱን ልናገርና ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንዳስፈራኝ አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ካፒቴኑ ደልጊ ላይ እስከ አምስት ሰዓት እንቆማለን ብሎ ለሁሉም ተናገረ። ዕቅዴን ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው። አትጠገብ ጎርጎራ ከገባን ጀምሮ ያዝ ያደረገችው ነገር ነበር፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከደልጊ ወዲያ ውሃው ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ ጉማሬ አለ ብሎ ነግሯታል።

"ጉማሬ ምን ያህላል?" አለችኝ።

እኔም አይቼ አላውቅም። ወገራ ጉማሬ ከየት ይመጣል። "ቤታችንን ያህላል" አልኳት።

"በር አለው?"

"አፍ አለው።"

"እንገባበታለን?"

"አንገባበትም። እናየውና እንመለሳለን።"

ሰዓት አልነበረኝም፤ አያስፈልገኝምም ነበር። አባቴ በጾም ጊዜ የመፍቻውን ሰዓት የሚያውቀው በጥላ ነው፤ እኔም ከሱ ተምሬያለሁ። ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ ትቆማለህ፣ የራስህ ጥላ ያረፈበትን ልብ ትላለህ፣ ከዚያ ተረከዝህን ከጣትህ እያገጣጠምህ እዚያ ድረስ በጫማ ትቆጥራለህ። ጠዋት ጥላ ረዥም ነው፤ ፀሐይ ከፍ ስትል እያጠረ ይሄዳል። ሐሙስ ዕለት ሰዓት ያሰረ አንድ አስተማሪ ፈልጌ፣ ልክ አምስት ሰዓት ሲሞላ ንገረኝ አልኩት። ነገረኝ። ለካሁ፤ አምስት ጫማ ሆነ። አምስት ሰዓት፣ አምስት ጫማ። ጥላዬ ከአምስት እስካላነሰ ድረስ መርከቡ አይሄድም ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ዕቅድ ማን አውጥቷል ብዬ እንቅልፌን ተኛሁ።

ስንቅም በልክ ነው የያዝኩት። ዳቦ፣ ቆሎና በቅል ውሃ፤ ለደልጊ ይህን ያህል፣ ለቁንዝላ ይህን ያህል ብዬ ከፍዬ አስሬዋለሁ። ግን መርከቡ ላይ ለሰርግ የሚሄዱ አሥር የደምቢያ ሴቶች ነበሩ። ገና ጎርጎራ ከዓይናችን ሳይርቅ አትጠገብን ከጭን ወደ ጭን ተቀባበሏት። አንዷ ሙልሙል ትሰጣታለች፣ አንዷ ፀጉሯን ትሠራታለች። የእኔ ስንቅ እንደታሰረ ቀረ፤ ቅር አለኝ። የሴቶቹ አለቃ እትዬ ዘነቡ የሚባሉ፣ ሲቀመጡ የሁለት ሰው ቦታ የሚይዙ ባልቴት ነበሩ።

ደልጊ ስንደርስ ሴቶቹ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ተነሱ፤ አንድ የመርከቡ ሠራተኛ ይመራቸዋል።

"አንተ ልጅ፣ ከእኛ ጋር ሁን" አሉኝ እትዬ ዘነቡ። "አብረን ሄደን አብረን እንመለሳለን።"

"እኛ የራሳችን ጉዳይ አለን።"

"የምን ጉዳይ?"

"ጉማሬ" አለች አትጠገብ።

"ሰዓት ይዘሃል?"

"ጥላዬን አውቃለሁ።"

"እንግዲያ ልጅቱን ለእኛ ተውና ጥላህን ይዘህ ሂድ" አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ የልጄን እጅ ይዤ ሄድኩ።

የካቲት ነው። ውሃው የሸሸበት ጥቁር አፈር ላይ ሽምብራ ተዘርቷል፤ እሸቱ ደርሷል። ጠዋት የሐይቁ ዳር ጭቃና ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ለደጋ ሰው እንግዳ ሽታ ነው። የሽምብራው ባለቤት ሁለት እቅፍ እሸት ነቅሎ ሰጠን። አትጠገብ አንዲቷን ፍሬ ፈልፍላ ትበላለች፣ ሁለተኛዋን ለጉማሬው ብላ እጇ ላይ ትይዛለች፣ ከዚያ ትረሳና ያቺንም ትበላለች። የሰውየው ማሳ ዳር ቆሜ ለካሁ፤ ሰባት ተኩል ጫማ። ሰፊ ጊዜ።

ደንገሉ ጋ ስንደርስ መሬቱ ረግረግ ሆነ። አማቴ የልጅቱ እግር ከረጠበ ጉንፋን ያዛት ብለው ዓመት እንደሚወቅሱኝ ስለማውቅ አትጠገብን ትከሻዬ ላይ አወጣኋት። ቆምን። ብዙ ቆምን። በመጨረሻ ውሃው መሃል ሁለት ጆሮዎች ብቅ አሉና ተርገበገቡ።

"ይኸውልሽ ጉማሬ!"

አየች፣ አየች። "ጆሮ ነው" አለች።

"ጆሮው ነው። ሌላው ውሃ ውስጥ ነው።"

"ቤት ያህላል ብለኸኛል።"

"ትንሽ እንጠብቅ፣ ይወጣል።"

ጆሮዎቹ ጠለቁ። ከመጠበቄ በፊት ደረቅ ቦታ ፈልጌ ጥላዬን ለካሁ። ልጅቱን አላወረድኳትም፤ አውርጃት ወደ ውሃው ብትሮጥስ? ቆምኩ፣ የጥላው ራስ ያረፈበት ላይ ዓይኔን ተከልኩ፣ እየቆጠርኩ ሄድኩ።

"አባ፣ ጭንቅላቴን ረገጥኸው" አለች ከላይ።

"ዝም በይ፣ እየቆጠርኩ ነው።"

ስድስት ተኩል ጫማ። ገና ነው። ጉማሬው እስኪወጣ መጠበቅ እንችላለን ማለት ነው። ጠበቅን። ጆሮዎቹ አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ታዩ፤ አትጠገብ "ሌላ ጆሮ" አለች፤ ከዚያ ምንም የለም። ስንመለስ መንገድ ላይ የመርከቡ ጡሩምባ ጮኸ።

"አባ፣ መርከቡ ጠራን።"

"አልጠራንም። ለማስጠንቀቂያ ነው።"

ሁለተኛ ጮኸ። "ይኸም ለማስጠንቀቂያ ነው" አልኳት። እውነት እላለሁ፣ እርምጃዬን እንኳ አልጨመርኩም።

ጉብታውን ስንወጣ መርከቡ ጀርባውን ሰጥቶን ውሃው ላይ ነው። ልጅቱን እንደተሸከምኩ ቁልቁል ሮጥኩ። ዳር ደርሼ የጮኽኩት ቃል እስካሁን ያሳፍረኛል። ሰው "ቁም" ይላል፣ "ጠብቁኝ" ይላል። እኔ "ገና ነው! ገና ነው!" ነው ያልኩት።

ጆንያ የሚደረድር አንድ ሰው ቀና ብሎ አየኝ። "መኪና የሚመጣው በገበያ ቀን ነው፤ ገና አራት ቀን አለው" አለኝ። ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እሁድ ጠዋት ልጄን ሌላ ሰው ታቅፎት፣ እንጉዳይ በር በሩን ስታይ፣ አማቴም ራሳቸውን ሲነቀንቁ ታየኝ። አትጠገብ ጉልበቴ ላይ እጇን አኑራ "እማዬ ጋ በምን እንሄዳለን?" አለችኝ።

ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥን አላውቅም፤ ጥላ ለመለካት ልብ አልነበረኝም። ብቻ አትጠገብ "አባ፣ ፊቱን አዞረ" አለችኝ። ቀና አልኩ። መርከቡ ወደ እኛ ይመጣል።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ጭኗ ባዶ የሆነባት አንዷ ሴት "ልጅቱስ?" አለች። እያንዳንዷ ጓደኛዋ ጋ ያለች መስሏት ኖሯል። እትዬ ዘነቡ ካፒቴኑን ተመለስ አሉት። አልመለስም፣ ሰዓቱን ተናግሬያለሁ አለ። በዚህ ጊዜ አሥሩም ሴቶች፣ እትዬ ዘነቡን አስቀድመው፣ እሱ የሚነዳባት ጠባብ ክፍል ገብተው መስኮቱ ፊት ቆሙ። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። ካፒቴኑ ግን ከእትዬ ዘነቡ ነጠላ በቀር የሚያየው ነገር አጣ።

መርከቡ ላይ ስንወጣ ካፒቴኑ ላብ በላብ ሆኗል። "ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ" አለኝ። "እኒህን ሴቶች ከፊቴ እንድታነሳልኝ ነው።"

ሌላ ሰው ቢሆን እግሩ ላይ ይወድቅ ነበር። እኔ "ቀድመህ ነው የተነሳህ" አልኩት። "ጥላዬ ስድስት ተኩል ነበር።"

ሰዓቱን አሳየኝ። አምስት ካለፈ ቆይቷል። ሰዓትህ ተበላሽቷል አልኩት። እትዬ ዘነቡ አትጠገብን አቅፈው አፏን በነጠላቸው እየጠረጉ "ስትለካ ልጅቱ የት ነበረች?" አሉኝ።

"ትከሻዬ ላይ።"

ሴቶቹ ሁሉ ትከሻዬን አዩ። ከዚያ አትጠገብ "ጭንቅላቴን ረገጠው፣ ነግሬዋለሁ" አለች።

ሳቁ ቁንዝላ ድረስ አላቆመም። የለካሁት የእኔን ራስ ሳይሆን የእሷን ነበር። ስሜም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ "አባ ጫማ" ሆነ። ውሃ የምትጠጣ "አባ ጫማ፣ ስንት ጫማ ልጠጣ?" ትላለች። መርከበኛው ሁሉ እያየ ፈገግ ይላል። ውስጤ አውቆታል፤ አፌ ግን አልተሸነፈም። "ትንሽ ልጅ ናት፣ ምን ያህል ትጨምራለች" እያልኩ ተከራከርኩ። ቁንዝላ አድረን በማግሥቱም ተከራከርኩ።

ባሕር ዳር አማቴ ዳር ቆመው ይጠብቁናል። አትጠገብን ከራስ እስከ እግር አዩ፤ እግሯ ደረቅ ነው። "መንገዱ እንዴት ነበር?" አሏት። አለቀልኝ አልኩ።

"ጆሮ አየን" አለች።

አማቴ እኔን አዩኝ። "በደኅና ገባን" አልኩ። እሁድ ልጄ ክርስትና ሲነሳ አጠገቡ ነበርኩ። እንጉዳይ ፊቴን አይታ "ምን ሆነሃል?" አለችኝ፤ "ምንም" አልኳት። የመርከቡን ነገር የነገርኳት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እሱንም ካፒቴኑ ቀድሞ የተነሳ አድርጌ።

አንድ ነገር ግን ከሰሞኑ በፊት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከመርከብ ስንወርድ እትዬ ዘነቡ የአትጠገብን እጅ እጄ ውስጥ አኖሩና "በል፣ ልጅህን ያዝ፤ ሸጋ ልጅ ናት" አሉኝ። ያኔ ልላቸው የሚገባኝን ቃል ማንም ያውቀዋል። እኔ ያልኩት "እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አምስት ሰዓት አልሞላም ነበር" ነው። ራሳቸውን ነቅንቀው ከሴቶቻቸው ጋር ወደ ሰርጋቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። የት መንደር እንደሆኑ እንኳ አልጠየቅኩም። ደምቢያ ሰፊ ነው።

ሽሮዬን ጨርሼ ይህን ሁሉ ለሕይወትና ለባሏ ነገርኳቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅቱ ትከሻዬ ላይ እንደነበረች ጨምሬ። ሕይወት ስትስቅ እንባዋን ጠረገች። እናቷ ለብዙ ዓመት ጉማሬ የጆሮ ስም ይመስላት እንደነበር ነገረችኝ፤ ይኸን እኔም አላውቅም ነበር።

"እሺ አባባ፣ ለእኛ ምን ትመክረናለህ?" አለችኝ።

አሰብኩበት። ለደቂቃው ስልክ አላቸው፣ ለመንገዱም። "ጀልባው ላይ ከሚሄዱት ሴቶች ጋር አስቀድማችሁ ተዋወቁ" አልኳት። "ልጁ የሰጡትን ይብላ፣ ጭናቸው ላይ ይቀመጥ፤ ሲጠፋ ልጁስ የሚል ሰው ይኑረው። ደግሞ ሰው መርከብ ካስመለሰላችሁ መጀመሪያ አመስግኑ፤ ስለ ሰዓቱ በኋላ ትከራከራላችሁ።"

ሕይወት ወረቀቷን አጠፈች። "ካፒቴኑ ግን እውነት ቀድሞ ተነስቶ ነበር?" አለች።

"ትንሽ" አልኳት።