የፍየሏ አንገትና የልጄ አንገት

የልጄ እንቅርት ሂርና ሳለን እንቁላል ያህል ነበር። ገለምሶ አስተኮስኳት፣ አሰቦት ጠበል አስጠመቅኳት፤ እግሬ ያልረገጠው አገር የለም፤ እሱ ግን ማደጉን አልተወም። ጋደም ስትል ትንፋሿ እንደ ወናፍ ማለት ሲጀምር፣ አሰበ ተፈሪ ካለ አንድ ሐኪም ዘንድ ይዣት ገባሁ።

ሐኪሙ የጦር ሜዳ ቁስለኛ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። አንገቷን ዳበሰና፣ «መቁረጡስ አያቅተኝም» አለኝ። «ከእንቅርቱ ጀርባ ግን ምስር የሚያካክሉ እጢዎች አሉ። አብረው ከወጡ ተንፈራግጣ ትሞትብኛለች። ባለፈው አንዷ እንዲያ ሆናብኛለች። አውጥቼ ሌላ ሥጋ ውስጥ ብተክላቸው ይጸድቁ እንደሆነ በፍየል ልሞክር። ፍየሏ ከኖረች ልጅሽን እቆርጣለሁ።»

የፍየሏ ያዥ እኔ ሆንኩ። ጓሮ፣ ጠረጴዛ ላይ ጠፈርናት። ማደንዘዣው ግማሽ ላይ ከዳትና ነቃች። ጩኸቷ የሰው ነው። ደሟ ፊቴ ላይ ተረጨ። ሐኪሙ በክንዱ ተጭኗት ምስር የሚያካክሉትን እጢዎች ከአንገቷ በወረንጦ ለቀመ፤ ትከሻዋን ሰንጥቆ ከተታቸውና ሰፋት። ልጄ በመስኮት ታይ ነበር።

ጥቂት ቀን ሰንብታ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ፍየሏ ወደቀች። እግሯ እንደ እንጨት ደረቀ፣ አንገቷ ወደ ኋላ ተቆለመመ፣ አረፋ ደፈቀች። ሐኪሙ መርፌ ሊያመጣ ሮጠ። የሐኪሙ ግቢ ዘበኛ የሆነው ሽማግሌ ግን ዕድሜውን ከብት ጠብቆ የኖረ ነው፤ እንስሳ ሲሞት ቆሞ አያይም። ቢላዋውን ከወገቡ መዘዘ፣ ፊቷን ወደ ቂብላ አዞረ፣ «ቢስሚላሂ!» ብሎ ያንን የተሰፋ አንገት ከነክሩ አረደው።

ሐኪሙ መርፌውን እንደያዘ ደረሰ።

«ምን አደረግክ?»

«ሞታ ሐራም ሳትሆን ደረስኩላት» አለ ሽማግሌው ኮራ ብሎ።

ሐኪሙ አፉን በቡጢ አለው። የአባቱን እኩያ! ሽማግሌው ደሙን ተፍቶ ቢላዋውን አነሳ፤ እኔ ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ። ስለቱ መዳፌን በላኝ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ደሜ ሲንጠባጠብ ሲያዩ ሁለቱም ቆሙ።

ሐኪሙ እያለከለከ ተንበርክኮ የፍየሏን ትከሻ ቀደደ። ምስሮቹ ሥጋው ውስጥ ቀልተው፣ ቀጫጭን የደም ሥር አውጥተዋል።

«ጸድቀዋል» አለ። «እስኪበረቱ በመርፌ ብናቆያት ትድን ነበር።»

«ነበር» ለእናት ምን ያደርጋል? ልጄ ግን ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አባባ፣ እኔ ስንፈራገጥ ቢላዋዎን ቤት ይተዉልኝ እሺ?»

«አንቺ ደግሞ ምን ሥጋ አለሽና!» አለ፣ በተሰነጠቀ ከንፈሩ እየሳቀ።

ፍየሏ ባትኖርም ምስሮቹ ጸድቀዋልና ልጄ ተቆረጠች፤ የሷም ምስሮች ትከሻዋ ውስጥ ተተከሉ። ሐኪሙ እንደፈራውም ጣቶቿ ተቆለመሙ፣ መንጋጋዋ ገጠመ፣ አልጋው ተንቀጠቀጠ። እኔ እግሯ ላይ ተደፍቼ ስጮህ፣ በር ላይ የቆመው ሽማግሌ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። ባዶ ነው። ጫማውን ጥሎ «ዶክተር! መርፌ!» እያለ በግቢው ሮጠ።

መድኃኒቱ ደም ሥሯ ሲገባ መንጋጋዋ ቀስ እያለ ተላቀቀ። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው የሽማግሌውን ወገብ ነው።