የሰሊጥ አጫጆች ቁርስ

ሱዳን፣ ቁረይሻ እርሻ የገባሁ ለት፣ ከትራክተሩ ተሳቢ ወርጄ አቧራዬን ሳላራግፍ ካቦው ወጥ ቤቱን አሳየኝ። በማሽላ አገዳ የተከለለ ዳስ ነው። ውስጡ ጉልቻ፣ የጠቆረ ትልቅ ድስት፣ ማማሰያና የውኃ በርሜል አለ። ካቦው ሞላ ይባላል፤ የደንቢያ ሰው ነው። አጫጆቹን የሚያሰማራውና ሥራ የሚያከፋፍለው እሱ ነው።

«ጧት ሻይ ነው፤ ስኳር እንዳትሰስቺ» አለኝ። «ስድስት ሰዓት ላይ አሲዳ በባሚያ ታቀርቢያለሽ።» አሲዳ ሱዳኖች የማሽላ ገንፎን የሚጠሩበት ስም ነው።

«ቁርስስ አያ ሞላ?»

«ሻዩ ነው ቁርሱ አልሁሽ እኮ።»

ከዚያ በፊት ድንበሩ አጠገብ፣ ገላባት ላይ ለነጋዴዎች ነበር የማበስል። ነጋዴ ቁርሱ ከዘገየ ይቆጣል። እዚህ ግን ሰው ጎኅ ሲቀድ ተነሥቶ፣ እንደ ማር የጣፈጠ ሻይ ጠጥቶ፣ ቶምባክ የሚሉትን የትምባሆ ዱቄት ከንፈሩ ሥር ወሽቆ፣ ማጭዱን ይዞ ይሄዳል። ቶምባኩ ረኃብ ይገድላል። ውኃም ቢሆን ከሃፊር፣ ከኩሬው ማለት ነው፣ እንደ ወረደ ነው የሚጠጣ። እሱንም ቢሆን ማሳው ላይ የሚጠጣው ጥቂት ሰው ነው። ቶሎ ቶሎ የሚጠጣ ሰው ይሰደባል፤ «ወንድ ልጅ እንደ ዳክዬ ውኃ አይልም» ይሉታል።

ከአጫጆቹ ሁሉ ጎበዙ ሐጎስ ነበር። የሁመራ ሰው ነው፤ ሰሊጥ ሲያጭድ ፍሬው አይረግፍበትም። ሚስቱንና ሴት ልጁን መንደር 8 የስደተኞች መጠለያ ትቶ ነው የመጣው። አማርኛው ከትግርኛ ጋር ይቀላቀላል፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ቶምባኩ ጥርሱን አበላሽቶበት ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሳይደርስ ማሳው ላይ ወደቀ። ጓደኞቹ በጋቢ ተሸክመው አመጡት፤ ትራክተሩ ሾዋክ ጤና ጣቢያ አደረሰው። ሲመለስ ከስቷል። ኩላሊቱ መጎዳቱን ነግረውታል። ፀሐይ ሳይወጣ ብላ፣ ውኃ አዘውትር፣ ቶምባኩን ጣል ብለውታል።

«እትዬ ዘይነባ» አለኝ፣ «ጣለው አሉኝ። ብጥለው አፌ ምን ይያዝ?»

ሽምብራ ቆላሁለት። ኪሱን ሞልቼ «ይኸን ይያዝ» አልሁት።

ከዚያ በየጧቱ ሻዩን ከመጣዴ በፊት ገንፎ አገነፋለት ጀመር፤ ሰሊጥ ወቅጬ፣ ዘይቱ ወጣ ሲል አፈስስበታለሁ። ውኃውን ማታ አፍልቼ አሳድረዋለሁ፤ ሎሚና ጥቂት ጨው ጨምሬ በጀሪካን እሰጠዋለሁ። ሌሎቹ ሳቁበት። «ሐጎስ ጡት ጀመረ!» አሉ። እሱ መብላቱን አልተወም።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ ሽታው የሳበው አንዱ «እስቲ አቅምሽን» አለ፤ ቀጥሎ ሌላው ሳህን ይዞ መጣ። ሞላን ባማክረው «እንጨቱን ራስሽ ከለቀምሽ ምን ቸገረኝ» አለኝ። ለቀምሁ። የመኸሩ አጋማሽ ላይ ሰው ሁሉ ሳይበላ አይሰማራም ነበር። ውኃ ጠጪ መሳደብ ቀረ። ቶምባኩን የተወው ጥቂት ሰው ነው፤ ቢሆንም በባዶ ሆድ የሚወሽቅ ጠፋ። ውኃውንም ለሁሉም አፈላ ጀመር፤ ከኩሬው የሚይዛቸው ተቅማጥ ቀነሰ። ሥራውም ፈጠነ፤ የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ፣ ነዶው ተደጋግፎ ሂላ ሲቆም ማሳው ድንኳን የተተከለበት መሰለ። በዚያ ሰሞን ደስ እያለኝ ነበር የምነቃ።

የባለ እርሻው ወኪል በፒክአፕ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ማሳውን ዞሮ አየ፤ ገንፎዬን ቀመሰ። «ወላሂ፣ ተማም!» አለ፤ ግሩም ነው ማለቱ ነው። ቀጥሎ ከምሳ በኋላ የግራሩ ጥላ ሥር የተጋደሙትን አያቸው። ፀሐዩ እስኪበርድ ማረፍ የቆየ የሠራተኛ ደንብ ነው።

«ጧት የበላ ሰው እኩለ ቀን ላይ ምን ያስተኛዋል?» አለ። «ኻላስ፣ በቃ! ከዛሬ ጀምሮ ምሳ ይበላሉ፣ ይነሣሉ።»

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ቀረብሁት። «አንቱ፣ ቁርሱ የእረፍት ምትክ አይደለም። ቢበሉም ፀሐዩ ያው ነው።»

«አንቺ አብሳይ ነሽ» አለኝ። «አብስይ።»

ወደ ሞላ ዞርሁ። አቀርቅሮ የማጭዱን ስለት በጣቱ ይዳስሳል። ወኪሉ ሲሄድ «እሱን ተጣልቼ የት ልግባ?» አለኝ። «ድንበሩ ዝግ ነው፤ ወዲያ ማዶ ደግሞ ጦርነት ነው።»

የቁረይሻን የቀትር ፀሐይ ያላየ ሰው ይኸ ቀላል ይመስለዋል። ሰዎቹ ምሳቸውን ማሳው ላይ ያስታውኩት ጀመር። አንድ ጧት ገንፎውን አቅርቤ ብጠብቅ የሚያነሣው ጠፋ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ገንፎሽ እረፍታችንን በላው» አለ አንዱ። «ወኪሉ እንደ ድሮው ደክመን ካላየን እረፍቱን አይመልስልንም። ሻይ ቅጂልን።»

ሻይ ቀዳሁ። ቶምባካቸውን ወሽቀው ሄዱ። ሐጎስም ከእነሱ ጋር ሲሄድ ክንዱን ያዝሁት።

«አንተ እንኳ ብላ። ያንተ ሌላ ነው።»

«ብቻዬን ብበላ ከወኪሉ ጋር አበረ ይሉኛል። የወደቅሁ ለት የተሸከሙኝ እነዚህ ናቸው፣ እትዬ።» አፉን ሲከፍት ቶምባኩን ከንፈሩ ሥር አየሁት።

እረፍቱ አልተመለሰም። ወኪሉ ቁርስ መብላት አለመብላታቸውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ሥራው በረታ እንጂ አልላላም። በዚህ መሐል ሐጎስ ዳግመኛ ወደቀ። ሾዋክ ሲደርስ አይናገርም፤ ከዚያ ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል ላኩት። እዚያው ሞተ።

ሚስቱ ለታይ ልብሱን ልትወስድ ከመንደር 8 መጣች። ዳሴ ውስጥ አስቀመጥኋት። አላለቀሰችም፤ ለቅሶዋን በመንገድ ጨርሳዋለች።

«ያን ቀን ምን በልቶ ነው የወጣ?» አለችኝ።

«ሻይ» አልኋት።

ብርድ ልብሱን አጣጥፋ፣ ሸሚዙን ከውስጡ አድርጋ አሰረችና የሚመለሰው ተሳቢ ላይ ወጣች። እኔም ሰሊጡ ተራግፎ ሳያልቅ ለቀቅሁ። ሞላ ግን ዛሬም እዚያው ካቦ ነው ይሉኛል።

አሁን ገዳሪፍ ገበያ አጠገብ ለጭነት አውራጆች አበስላለሁ። ሥራውን ስይዝ ከአሠሪው ጋር መጀመሪያ የተነጋገርነው ስለ ቀትር እረፍት ነው፤ በአውራጆቹ ፊት ቃሉን ሰጠ። ገንፎውን ያቀረብሁ ከዚያ በኋላ ነው። ለጉልበት ሠራተኛ የምታበስሉ ይኸን ዕወቁ፦ ሰው ሲበረታ ያየ አሠሪ መጀመሪያ የሚቆርጠው እረፍቱን ነው። ቁርሱን ከመለወጣችሁ በፊት እረፍቱን አስጠብቁ።