ነጠላ የተጣለበት ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥኑን ገዝቼ ከድሬዳዋ የላክሁት እኔ ነኝ። ኋላ የመጣውን በሌላ ሰው እንዳላመካኝ ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ። በጋቢ ጠቀለልሁት፤ «ተሰባሪ ነው» ብዬ ብጽፍበት የሚያነብ አይኖርም ብዬ የእመቤታችንን ሥዕል ለጠፍሁበት። ተሸካሚው ሁሉ እየተሳለመ አወረደው መሰለኝ፣ አንዲት ጭረት ሳታገኘው ንፋስ መውጫ ገባ።

እናቴ ከከተማው ወጣ ብላ ነው የምትኖረው። ጉልበቷ ቤተ ክርስቲያን አላደርስ ስላላት ቅዳሴውን ቤቷ ሆና ትስማ ብዬ ነበር። ደግሞም ቴሌቪዥን ሕዝብ ያስተምራል ሲሉ እሰማለሁ፤ አመንሁ።

የሷ ሕመም የዓይን ማዝ ነው። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኗን ይፍቃታል። ክርስትና እናቴ በየሳምንቱ ወረንጦዋን ይዛ ትመጣና ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ አንድ በአንድ ትነቅልላታለች። እኔን ክርስትና ስላነሣችኝ ሁለቱ የሚጠራሩት «አበልጄ» እየተባባሉ ነው።

«አበልጄ፣ ገብሳችን እንዲህ ቢበቅል ጎተራ ባጠረን!» ትላታለች።

ቴሌቪዥኑ በገባ ሰሞን ስለ ንጽሕና ትምህርት መጣ። አንዲት ያማረች ሴት ቧንቧ ከፍታ የልጇን ፊት ታጥባለች፤ ውሃው ዝም ብሎ ይወርዳል። ምንጩ ሩቅ የሆነባት ክርስትና እናቴ ተቆጣች።

«ዝጊው እንጂ፣ አንቺ! ታጠቡ ይሉናል፣ ውሃውን እዚያው ጨረሱት!»

እናቴ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ሳቅሁ። ያኔ ገና ያስቀኝ ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስንት ጊዜ ደጅ ተመላልሳ እናቴን ለቀዶ ሕክምና አሳመነቻት። «እማማ፣ ትንሽ ነገር ናት፤ የታጠፈውን የዓይንዎን ቆብ ማቃናት ነው» አለቻት። እናቴም በፍልሰታ ሱባኤዋ ለእመቤታችን ነግራ ቆረጠች። ጾሙ በተፈታ ሳምንት፣ ማክሰኞ ተቀጠረች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ተቀምጬ ሳለ ስለ ዓይን ማዝ ዝግጅት ሊቀርብ መሆኑን ሰማሁ። ደወልሁ።

«እማዬ፣ ቶሎ ክፈችው! ያንቺን ሕመም ሊያስተምሩ ነው!»

ያ የደስታ ድምፄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ስልኩን ሳንዘጋ እኔ እዚህ፣ እናቴና ክርስትና እናቴ እዚያ እናይ ጀመር። አቅራቢው ፈገግ ብሎ «አሁን ደግሞ ቀዶ ሕክምናውን ቀረብ ብለን እንመልከት» አለ። ቀረበ። አንድ የዓይን ቆብ ተገልብጦ የቴሌቪዥኑን መስኮት ሞላው። ምላጭ ገባ። ደም ወጣ።

«በስመ አብ!» አለች ክርስትና እናቴ። «ይኸ ትምህርት ነው ወይስ ቅርጫ? አበልጄ፣ ነጠላሽን ጣይበት! ነጠላሽን!»

እናቴ ነጠላዋን ጣለችበት። ስልኩ ተዘጋ። እኔም አላስቻለኝም፤ የራሴን አጥፍቼ ዳዊቴን አነሣሁ።

ማክሰኞ ሠራተኛዋ ልትወስዳት መጣች። የተባባሉትን ክርስትና እናቴ ነግራኛለች።

«እማማ፣ ሰዎቹ እየጠበቁዎት ነው።»

«ሂጂ ልጄ። አንቺ ትንሽ ነገር ነው አልሽኝ፤ እነዚያ ሁሉን አሳዩኝ። ማንኛችሁ ዋሻችሁኝ?»

«ማንም አልዋሸም! አጉልተው ስላሳዩት ነው!»

«ምላጩንም አጎሉት?»

ልጅቱ በሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች አሉ።

እኔም በስልክ ለመንኋት፤ በእመብርሃን ስም ለመንኋት። «አንቺ ያንን አይተሽ ትጋደሚያለሽ?» አለችኝ። አዎ ብል ውሸት ይሆንብኛል፣ አልጋደምም ብል እሷን ማስቀረቴ ነው ብዬ ዝም አልሁ። ዝምታዬን መልስ አድርጋ ወሰደችው። ከሐሰት ተጠበቅሁ፤ እናቴን ግን አልጠበቅኋትም። ይህን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ቀኖናዬን ፈጽሜም አልቀለለኝም።

በሁለተኛው ዓመት ለጥምቀት ስሄድ ሁለቱም ብሌኖቿ ነጭ ሆነው አገኘኋቸው። የፊቴን ቅርጽ በእጇ ዳብሳ «ከሳሽ» አለችኝ። ደብረ ታቦር ወሰድኋት። ሐኪሙ ቆቡ ቢቃና ሕመሙ እንደሚቀንስላት፣ የጠፋው ብርሃን ግን እንደማይመለስ ነገረን፤ ለሌላ ሳምንትም ቀጠራት።

ቤቷ ተመልሰን ቀጠሮዋን ስንጠብቅ ያው ዝግጅት በድጋሚ መጣ። የአቅራቢውን ድምፅ ስሰማ ላጠፋው ተነሣሁ።

«ተይው» አለች እናቴ። «አሁንማ ምን ያሳየኛል?»

ክርስትና እናቴ ወረንጦዋን እንደያዘች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ግን ቆሜ አየሁ። ምላጩ ገባ፤ ደሙ ታበሰ፤ ክሩ ተቋጠረ። ከዚያ ነጠላው የጋረደባቸው፣ እኔም ያጠፋሁት ክፍል መጣ። ሴትዮዋ ተነሥታ ተቀመጠች። በማግስቱ ዓይኗ ላይ የታሰረው ፋሻ ተፈታላት፤ ሐኪሙን መርቃ ብቻዋን እየተራመደች ወጣች።

«ምን ሆነች?» አለች እናቴ።

«ተነሣች።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን፣ እማዬ።»

«ታያለች?»

ይህን ጊዜ ዝም አላልሁም። «ታያለች» አልኋት።

እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አጠፈችው።

«እሰይ» አለች። «እሷስ ወጣላት።»